«ተነሥቷል» እና «ተዘጋጅቷል»

አንድ ሰርቨር ሲበራ በርካታ አገልግሎቶች ከጀርባ ይነሣሉ። የድረ ገጹ ፕሮግራም የመረጃ ቋቱን ይጠብቃል፤ የመረጃ ቋቱም በተራው ዲስኩን ይጠብቃል። ማን ማንን እንደሚያስቀድም መወሰን ያን ያህል አያስቸግርም። ከባዱ ጥያቄ ተጠባቂው በእርግጥ ሥራ ለመቀበል መዘጋጀቱን ማን ይመሰክራል የሚለው ነው።

ከሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ የተወረሰው ሥርዓት ምስክርነቱን ለቁጥር ሰጥቶት ነበር። የማስነሻ ጽሑፎቹ ስም ላይ ተራ ቁጥር ይለጠፋል፤ 20ኛው ከ80ኛው ይቀድማል፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይሠራሉ። በልማዱ መሠረት አገልግሎቱ ራሱን አባዝቶ ወላጁ ሂደት የሚሰናበተው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ መሆን ነበረበት። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ቀድመው ይሰናበቱ ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪው በጽሑፉ መሐል «አምስት ሰከንድ ተኛ» የምትል መስመር ይሰካል። አምስት ሰከንድ ሥራ ለፈታ ማሽን ይበዛል፣ ለተጨናነቀው ደግሞ ያንሳል፤ ለብዙ ዓመታት ግን መፍትሔ ተብላ ኖራለች።

እ.ኤ.አ. በ2005 አፕል በላውንችዲ ጥያቄውን ከሥሩ ገለበጠው። አስነሺው ፕሮግራም አስቀድሞ የአገልግሎቶቹን የመገናኛ በሮች፣ ማለትም ሶኬቶቹን፣ ራሱ ይከፍታል። ጥያቄ ይዞ የመጣ ሁሉ በሩን ክፍት ያገኛል፤ ባለቤቱ እስኪደርስ መልእክቱ በከርነሉ ውስጥ ተሰልፎ ይቆያል። ተራ ቁጥር አላስፈለገም። ሌናርት ፖተሪንግ በ2010 ሲስተምዲን ሲያስተዋውቅ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሊኑክስ አመጣ። አገልግሎቱ «ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ በራሱ አንደበት የሚያስታውቅበት መንገድም በሲስተምዲ ተበጀ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የአስተዳደር ሆነ። በፌብሩዋሪ 2014 የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ ድምፅ እኩል ተከፈለ፤ ሲስተምዲ የጸናው በሊቀመንበሩ ወሳኝ ድምፅ ነበር። በቀናት ውስጥ ኡቡንቱ የራሱን አፕስታርት ትቶ እንደሚከተል አስታወቀ። ቅር የተሰኙ ወገኖች ደግሞ ተገንጥለው ዴቭዋንን መሠረቱ። አንድ ፕሮግራም ይህን ያህል ሥልጣን መጠቅለሉ ያሳሰባቸው ሰዎች መሠረት የለሽ ሥጋት አልያዙም ነበር። ስለ ዝግጁነት ግን አሮጌው ሥርዓት ከቁጥርና ከእንቅልፍ ሌላ መልስ አልነበረውም።

አዲሱም ቢሆን የአገልግሎቱን ትብብር ይሻል። በሲስተምዲ «ከእገሌ በኋላ» የሚለው ትእዛዝ፣ እገሌ ዝግጁነቱን የሚያስታውቅ ካልሆነ፣ የሚጠብቀው የሂደቱን መጀመር ብቻ ነው። በ2013 ዶከር ሲመጣም ያው ስሕተት በአዲስ ልብስ ተመለሰ፦ በዶከር ኮምፖዝ «በእገሌ ይመካል» የሚለው ቃል ለብቻው ሲጻፍ ኮንቴይነሩ መነሣቱን እንጂ የመረጃ ቋቱ ጥያቄ መቀበል መጀመሩን አያይም። ለዚህም የጤና ምርመራ ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል፤ ኩበርኔቲስም የዝግጁነት ምርመራን ከሕያውነት ምርመራ ለይቶ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው።