በረዶ ስንል፦ የሰሜን ተራሮች ምስክርነትና የዓመታት ንጽጽር



በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በበረዶ በተደበደበ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «የዱሮው በረዶ ይብስ ነበር» ይላል፤ ሌላው «እንዲህ ያለ ከቶ አልታየም» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምሻው፣ እንዲህ ያለው ንጽጽር በምን ሁኔታ እውቀት ሊሆን እንደሚችል ነው። ዓመትን ከዓመት ከማነጻጸራችን በፊት የተነጻጸረው ነገር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የሰሜን ተራሮችን ያህል የሚያስተምር ጉዳይ አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀዳሚው ምስክር የአዱሊስ ጽሑፍ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። ስሙ ያልታወቀው ባለጽሑፍ ንጉሥ ድል ካደረጋቸው ሕዝቦች መካከል ሰሜኖችን ይጠቅሳል፤ አገራቸው ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ አመዳዩም የሰውን ጉልበት የሚያሰጥም መሆኑን ይናገራል።

ሁለተኛው ምስክር ተቃዋሚ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ወጣ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ በሰሜን ተራሮች አመዳይ ይጥላል መባሉን አልተቀበለም። ሦስተኛው ምስክር ሄንሪ ሶልት ነው። በ1810 ትግራይን የተጓዘው ይህ እንግሊዛዊ፣ የሰሜን ጫፎች አመዳይ ለብሰው ማየቱን በ1814 በታተመው መጽሐፉ መዘገበ።

እነዚህን ሦስት ምስክሮች በዓመት ቅደም ተከተል ደርድሮ «በጥንት ዘመን በዛ፤ በ1770 ጠፋ፤ በ1810 ተመለሰ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ብሩስ ያለፈበት መንገድ ከጫፎቹ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚያ ከፍታ የሚጥለው አመዳይ ብዙውን ጊዜ ሳይሰነብት ይቀልጣል። ስለዚህ በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንገድ ያለፈ ሰው አለማየቱ፣ ነገሩ አለመኖሩን አያስረዳም። በአንጻሩም የአዱሊሱ ጽሑፍ የድል ሐውልት ነው፤ የአገሩን ክፋት ማጉላት የዘማቹን ክብር ያጎላልና የጉልበቱን ልክ እንደ ሜትር ልንይዘው አንችልም።

ሌላው ዕንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። በዛሬው አማርኛ «በረዶ» ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚጥለውንም፣ በማቀዝቀዣ የረጋውን ውሃም ያጠቃልላል። ግእዝ ግን «በረድ»ን ከ«ሐመዳ» እና ከ«አስሐትያ» ይለያል። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም ውርጩን፣ በረዶውንና አመዳዩን ለየብቻ ያነሣል። የሚያስገርመው፣ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ የወሰደው ያው ብሩስ መሆኑ ነው። ክረምት የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚቆይ የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ ለአውሮፓዊ አንባቢ ግን የብርድ ወራት ሆኖ ይተረጐማል። የእኛ ብርቱ ውርጭ የሚወርደው ግን ሰማዩ በጠራበት በበጋ ሌሊት ነው።

ወደ ኮልፌ ስንመለስ፣ እዚህ የሚወርደው ጠጠሩ በረዶ ነው። ወደ ላይ ረዝሞ በቆመ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ይረጋል፤ ክብደት ስላለው ቀልጦ ሳያልቅ መሬት ይደርሳል። አመዳዩ ግን ቀላልና ዘገምተኛ በመሆኑ በእኛ ከፍታ ዝናብ ሆኖ ይቀራል። የዝናብ መለኪያው ደግሞ በረዶውን ከቀለጠ በኋላ ከዝናቡ ጋር በሚሊሜትር ይደምረዋል። ስለዚህ የዓመቱን ድምር ብቻ ያየ ተመራማሪ የበረዶውን ታሪክ ከዚያ አያገኝም። ጉዳቱም የመጠኑ ምስክር አይደለም። ትናንት ማሳና ግጦሽ በነበረ መሬት ላይ ዛሬ ቤትና አስፋልት ሲበዛ፣ ያው በረዶ ቦዩን ደፍኖ ጎርፉን ወደ ሰው ደጅ ይመልሳል። ሰማዩ ሳይለወጥ መሬቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ሊለወጡ ይችላሉ። የጎርፍ መውረጃ የሚሠራ ከተማ የትኛው እንደተለወጠ ሳይለይ ቢቆፍር ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል።

እንግዲህ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ትዝታ ይጣል አልልም። ይልቁንም እንደ ማንኛውም የታሪክ ምንጭ ይመርመር፤ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰፈር፣ የጠጠሩ መጠን የሽንብራ ነው ወይስ የባቄላ፣ ከመሬት ላይ ምን ያህል ቆየ ተብሎ ይጠየቅ። ዘመኑ ቢዘነጋ እንኳ ከልጅ ልደት ወይም ከመንግሥት ለውጥ ጋር ተያይዞ ሊታወስ ይችላል። በየትምህርት ቤቱም ዕለቱንና ሰዓቱን የሚያሰፍር አንድ ደብተር ይከፈት። ያልወረደበትም ወር «አልወረደም» ተብሎ ይጻፍ። ብሩስ ያላየውንና ያልነበረውን ለመለየት ሁለት መቶ ዓመት ያከራከረን፣ ይህ አንድ ቃል በጊዜውና በቦታው ባለመጻፉ ነውና።