ጭራቅ የሣሉ እጆች

በሀገራችን በልጅነቱ ሲያስቸግር «ጭራቅ መጣልህ» ተብሎ ያልተገሠጸ ሰው ያለ አይመስለንም። ማታ ከምድጃ ዳር ተቀምጠን አያቶቻችን ሲተርቱልን፥ ጥርሱ እንደ ማረሻ የረዘመው፥ ጥፍሩ እንደ ማጭድ የጐበጠው ሰው በላ ጭራቅ በሩን የሚያንኳኳ እየመሰለን በጋቢያቸው ሥር እንሸሸግ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ግን «እንደ ገና ይንገሩን» ማለታችን አልቀረም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ክፉዎችን በጐን፥ ባንድ ዓይን ብቻ መሣል የቈየ ልማዳቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተጋደመውን የዘንዶ ቅርፊት አስተውሎ የተመለከተ ሰው፥ የሠዓሊው እጅ በዚያ ሥፍራ እንደ ተፍታታና እንደ ተደሰተ ሳይታወቀው አይቀርም። አስፈሪውን ነገር መፍራትና መውደድ ባንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

አሁን የምናቀርበው ታሪክም የዚሁ የፍርሃትና የፍቅር ታሪክ ነው። ቦታው አሜሪካ ነው፤ ሰዎቹም ጭራቅ በመሣል እንጀራቸውን የበሉ ካርቱኒስቶችና፥ በዝቅተኛ ገንዘብ የጭራቅ ፊልም የሠሩ ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድሞ «ቢ ፊልም» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ ዓመታት አሜሪካ በከባድ የገንዘብ ችግር ላይ በወደቀች ጊዜ፥ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ተመልካች እንዳይሸሻቸው ባንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ፊተኛው ብዙ ገንዘብ የወጣበት፥ ስመ ጥር ተዋንያን ያሉበት ነው፤ ሁለተኛው ግን በጥቂት ቀንና በጥቂት ገንዘብ ተሠርቶ ለማሟያ የሚጨመር ነበር። ይህንኑ ማሟያ በፊደላቸው ተራ «ቢ» አሉት። ጭራቆች ወደ ሲኒማ የገቡት በፊተኛው በር ነው፤ ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በ1931 ዓ.ም. «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን ሠርቶ ብዙ ገንዘብ አግኝቶባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተመልካቹ ስለ ለመዳቸው ወደ ማሟያው ረድፍ ወረዱ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ጭራቅን የሚወድ ሰው ርካሽ ፊልም ወዳድ መሆን ግድ ሆነበት።

ሥዕሉና ፊልሙ እንዴት እርስ በርሳቸው እንደ ተመጋገቡ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ቻርልስ አዳምስ በ1912 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ የተወለደ፥ «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ ይሥል የነበረ ካርቱኒስት ነው። ሞት የሚያስደስተው፥ ፀሐይ የሚያስከፋው አንድ እንግዳ ቤተ ሰብ ፈጥሮ ነበር፤ የዚያ ቤት ረጅምና ዝምተኛ አሽከር ፊቱ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ሆኖ የተጫወተውን የቦሪስ ካርሎፍን ፊት ይመስላል። አዳምስ በ1942 ዓ.ም. ሥዕሎቹን ሰብስቦ ሲያሳትም መቅድሙን የጻፈለት ካርሎፍ ራሱ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ማይላ ኑርሚ የተባለች ሴት የአዳምስን ገርጣታ እመቤት መስላ፥ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወደ አንድ የጭምብል ግብዣ ሄደች። በሚከተለው ዓመት በሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን «ቫምፓይራ» በሚል ስም አሮጌ አስፈሪ ፊልሞችን አስተዋዋቂ ሆነች፤ ቈይታም ኤድ ዉድ የተባለው ድኻ አዘጋጅ በሠራው፥ ከዓለም ፊልሞች ሁሉ የከፋ እየተባለ በሚሣቅበት «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» ውስጥ ታየች። ከካርቱኒስት ብዕር የወጣችው እመቤት እስከዚያ ድረስ ተጓዘች ማለት ነው።

የታሪካችን ዋና ነገር ግን ከዚህ ይጀምራል። በ1950 ዓ.ም. ዊልያም ጌይንስ የተባለ የኒው ዮርክ አሳታሚ ከአዘጋጁ ከአል ፌልድስታይን ጋራ ሆኖ፥ አሜሪካኖች «ኮሚክ» በሚሉት በተከታታይ ሥዕል በሚነገር ተረት ሦስት የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶችን አወጣ። ዋጋቸው ዐሥር ሳንቲም ነበር። ከሠዓሊዎቹ ሁለቱን እናስታውሳለን። አንደኛው በ1924 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ የተወለደው ጃክ ዴቪስ ነው፤ እጁ እጅግ ፈጣን፥ ሰዎቹ እግረ ረጃጅም፥ ጫማቸው ትልልቅ፥ ሬሳው እንኳ ሊያሥቅ የሚዳዳው ነበር። ሁለተኛው ግራሃም ኢንግልስ ነው። የኢንግልስ ሥዕል አያሥቅም። የበሰበሰውን ሥጋ፥ ከከንፈር ወደ ከንፈር የሚዘረጋውን የምራቅ ክር፥ የተልፈሰፈሰውን የሽማግሌ ቈዳ እንደ እርሱ አድርጎ የሣለ አልነበረም፤ በሥዕሉ ግርጌም ስሙን ትቶ «አስፈሪው» ብሎ ይፈርም ነበር። ተረቱን የምትተርተው አሮጊት ጠንቋይም፥ ባንድ ዓይኗ እያፈጠጠች፥ የእርሱ እጅ ሥራ ነበረች።

በዚያን ጊዜ የወጣቶች ወንጀል በአሜሪካ ትልቅ ጭንቀት ሆኖ ነበር። ፍሬድሪክ ወርትሃም የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1954 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የወንጀሉን ምክንያት በኮሚክ ላይ ጣለው፤ ዴቪስ የሣለውን፥ የቤዝቦል ተጫዋቾች በተገደለው ባላጋራቸው ሰውነት ጨዋታ የሚጫወቱበትን ሥዕልም ለማስረጃ አተመው። ስለ ዶክተር ወርትሃም ስንናገር ፍርድ እንዳናጓድል ያስፈልጋል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. በሃርለም፥ ሌሎች ሐኪሞች ለማይቀበሏቸው ጥቁር ድኾች በጥቂት ሳንቲም የሚያክም የሕክምና ቤት ከከፈቱት አንዱ እርሱ ነው፤ የጥቁርና የነጭ ልጆች በትምህርት ቤት መለያየት ሕፃናትን እንደሚጐዳ የሰጠውም ምስክርነት ለእኩልነት ትግል ጠቅሟል።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ምርመራ አደረገ። ሚስተር ጌይንስ በፈቃዱ ቀርቦ መሰከረ። ሴናተር ኬፎቨር አንድ ሽፋን አነሡና አሳዩት፤ በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ባንድ እጁ ደም የነካው መጥረቢያ፥ በሌላው እጁ የተቈረጠ የሴት ራስ ይዟል። ይህ ከጨዋነት አይወጣምን ብለው ቢጠይቁት፥ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ከሆነ አይወጣም፤ የሚወጣው ራሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ነበር የሚል መልስ ሰጠ። በማግሥቱ ይህ መልስ በታላቁ የከተማው ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ያ ሽፋን ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሰጥ ነው ብለን እኛም አንከራከርም። ዶክተሩ የፈለገው ግን ለልጆች እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ የተገኘው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው ራሳቸው ማኅበር አቁመው በጥቅምት ወር ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት «አስፈሪ» ወይም «አሸባሪ» የሚል ቃል በመጽሔት ስም ላይ እንዳይገባ፥ ደም መጣጭ፥ ተኵላ የሚሆን ሰው፥ ከመቃብር የሚነሣ ሬሳ ከቶ እንዳይሣል ተከለከለ። ጭራቅ በጽሑፍ ተሻረ። የማኅበሩ ማኅተም የሌለበትንም መጽሔት አከፋፋዮች አንቀበልም አሉ። ጌይንስ አስፈሪ መጽሔቶቹን ዘጋ።

የማኅተሙ ሥራ በጭራቅ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ባልተነሣን ነበር። ጌይንስ በ1953 ዓ.ም. «የፍርድ ቀን» የሚል ታሪክ አሳትሞ ነበር፤ የሣለው ጆ ኦርላንዶ ነው። አንድ የጠፈር መንገደኛ ከምድር ተልኮ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩበት ዓለም ይሄዳል። ሮቦቶቹ ብርቱካንማና ሰማያዊ ናቸው፤ በውስጣቸው አንድ ሲሆኑ በቀለማቸው ብቻ ተለይተው ሰማያዊዎቹ በዝቅተኛ ሰፈርና በዝቅተኛ ሥራ ይኖራሉ። መልእክተኛው ይህን አይቶ ገና ከኅብረታችን ለመግባት አልበቃችሁም ይላቸዋል። ወደ መርከቡ ተመልሶ የራስ ቍሩን ሲያወልቅ በመጨረሻው ሥዕል ላይ ጥቁር ሰው ሆኖ ይታያል። ጌይንስ ይህን ታሪክ በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደ ገና ለማተም ለማኅተም ቢያቀርበው፥ የደንቡ አስፈጻሚ ዳኛ ቻርልስ መርፊ ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አሉ። በታሪኩ ውስጥ አንዲት የደም ጠብታ፥ አንድ ጥርስ የለም። ፌልድስታይን የታሪኩ ፍሬ ነገር ያ ፊት መሆኑን ቢያስረዳ ሰሚ አላገኘም። ጌይንስ ነገሩን ለጋዜጦች አወጣዋለሁ ብሎ ካስፈራራ በኋላ ብቻ ሥዕሉ ሳይነካ ታተመ። እርሱም ከዚያ ወዲህ ኮሚክ ማተም ተወ፤ የቀረችው «ማድ» የተባለችው የቀልድ መጽሔት ብቻ ነበረች።

የኮሚክ ደንብ በሲኒማ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ስለዚህ ከወረቀት የተባረረው ጭራቅ በርካሹ ፊልም ቤት ተጠጋ። በዚያው በ1954 ዓ.ም. ጄምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ አንድ ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ኋላም አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ተባለ። አሠራራቸው የሚያስደንቅ ነው፤ አስቀድመው የፊልሙን ስም ያወጣሉ፥ ቀጥለው የማስታወቂያውን ሥዕል ያሥላሉ፥ ሲኒማ ቤቶች ከወደዱት በኋላ ታሪኩን ያስጽፋሉ። ሥዕሉ የፊልሙ አባት ሆነ ማለት ነው። ሮጀር ኮርማን የተባለው አዘጋጅ በ1960 ዓ.ም. የወጣውን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ»ን አብዛኛውን በሁለት ቀን ቀርጾ ጨርሶታል።

ጭራቆቹን በእጁ የሚሠራላቸው ፖል ብሌይዝዴል የመጽሔት ሠዓሊ ነበር። ከሚስቱ ጋራ በቤቱ ተቀምጦ ጐማና ስፖንጅ እየቈረጠ ይሠራና፥ ራሱ ለብሶት ካሜራው ፊት ይቆም ነበር። በ1956 ዓ.ም. ከቬኑስ የመጣ ጭራቅ እንዲሠራ ቢታዘዝ፥ የዚያ ዓለም የስበት ኃይል ብርቱ ስለሚሆን ፍጥረቱ አጭርና ሰፊ መሆን ይገባዋል በሚል አሳብ መሬት ለመሬት የሚሄድ አድርጎ ሠራው ይባላል። ተዋናይዋ አጠገቡ ቆማ ከላይ ወደ ታች ብታየው «ዓለምን ያሸነፈው ይህ ነውን» ብላ ሣቀችበት፤ በዚህም ምክንያት ቁመቱን ሾጣጣ አድርገው አስረዘሙት። ሳይንስ ለቁመት ተሸነፈ። ፊልሙን ያየ ሰው ይሥቃል፤ እኛ ግን በጥቂት ገንዘብ ተቀጥሮ ስለ ቬኑስ የስበት ኃይል የሚጨነቅን ሠራተኛ እናከብራለን። ለማይመሰገንበት ሥራ እንዲህ የሚጠነቀቅ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቱ ነው?

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ 52 አሮጌ አስፈሪ ፊልሞች ባንድነት ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ፤ ቀድሞ በሲኒማ ቤት ያላዩአቸው ልጆች ሌሊት ከሳሎናቸው ተቀምጠው አዩአቸው። በ1958 ዓ.ም. ጄምስ ዋረንና ፎረስት አከርማን ስለ ፊልም ጭራቆች ብቻ የሚናገር መጽሔት አወጡ። ዋረን በ1964 ዓ.ም. ብልሃት አገኘ፤ የኮሚኩ ደንብ የሚገዛው በአነስተኛ ቅርጽ የሚታተመውን የልጆች ኮሚክ ነውና፥ በትልቅ ወረቀት፥ በጥቁርና በነጭ ቢታተም ማኅተም አያስፈልገውም። «ክሪፒ» የተባለው መጽሔት በዚህ መንገድ ወጣ። የመጀመሪያውን ሽፋን የሣለው ማን ቢሉ፥ ያው ጃክ ዴቪስ ነው። ዐሥር ዓመት የተከለከለው እጅ ምንም አልረሳም ነበር። ዴቪስ ኋላ የታላላቅ መጽሔቶች ሽፋንና የትልልቅ ፊልሞች ማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኖ በ2016 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

የደንቡ ነገር ቀስ እያለ ሟሸሸ። በ1971 ዓ.ም. ደም መጣጩና ተኵላው ተፈቀደላቸው፤ በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ማኅተሙን ተዉት። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የዶክተር ወርትሃምን የግል መዛግብት መርምራ፥ ሐኪሙ የልጆቹን ቃል እንዳስተካከለ፥ የብዙዎቹን ታሪክ እንደ ለዋወጠ፥ የማይመቸውንም ምክንያት ትቶ እንዳለፈ ገለጠች። ኮሚክ ያበላሸው ልጅ ተብሎ የቀረበው፥ ማስታወሻው ሲገለጥ ሌላ ብዙ መከራ የደረሰበት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው በ1954 ዓ.ም. ማስታወሻዎቹን ልየው ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህን ለማወቅ 58 ዓመት ባልፈጀ ነበር።

ግራሃም ኢንግልስ ግን እንደ ዴቪስ አልተመለሰም። መጽሔቶቹ ከተዘጉ በኋላ በቂ ሥራ አጣ፤ ቤቱን ትቶ ወደ ፍሎሪዳ ሄደና የዘይት ቀለም ሥዕል መምህር ሆነ። አድናቂዎቹ ፈልገው ባገኙት ጊዜ ስለዚያ ሥራ መናገርን እንቢ አለ፤ ብዙ ዓመትም በዚህ ዝምታ ኖረ። ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ግን አንድ ወዳጅ ለምኖት እሺ አለ። ሸራውን ወጥሮ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ያችን ባለ አንድ ዓይን አሮጊት ጠንቋይ እንደ ገና ሣላት። በ1991 ዓ.ም. ዐረፈ።