የራሰ በራ ተስፋ

ጸጉሬ መሸሽ የጀመረው ገና በ26 ዓመቴ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ዘወር ባልኩ ቁጥር ከኋላ የሚሰማኝ ሳቅ ስለምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነገሩ ከእኔ ይልቅ እናቴን አሳሰባት። «ሳያገባ ሊመለጥብኝ ነው!» ብላ ሬት በቅቤ እየለወሰች ቅዳሜ ቅዳሜ ጭንቅላቴን ታሸኝ ጀመር። ተቀባሁ፣ ሸተትኩ፤ ጸጉሩ ግን በሄደበት ቀረ።

በኋላ ታሪክ ሳገላብጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው፣ ዛሬ «ኤበርስ ፓፒረስ» የሚባለው የግብጾች የሕክምና ጥቅልል ለመላጣ የሚያዘው ምን መሰላችሁ? የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የበረሃ ፍየል ስብ ቀላቅሎ መቀባት! የእናቴ ቅቤ በስንት ጣዕሙ።

ዩልየስ ቄሣርም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንየስ እንደሚነግረን፣ የቀረችውን ጸጉር ወደፊት እያበጠረ መላጣውን ይሸፍን ነበር። ምክር ቤቱ ከሰጠው ክብር ሁሉ አብልጦ የወደደውም የቅጠል አክሊል ሁልጊዜ እንዲደፋ መፈቀዱን ነው። ጎልን ያህል አገር ያስገበረ ጀግና በመላጣው ያፍር ነበር ማለት ነው።

ወደ እውነቱ የተጠጉት ግሪኮች ናቸው። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት ጽሑፎች ጃንደረባ እንደማይመለጥ ያነሳሉ። ነገሩን በጥናት ያስደገፈው ግን አሜሪካዊው ጀምስ ሃሚልተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942። ከጉርምስና በፊት የተሰለበ ወንድ እንደማይመለጥ፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጠው ግን በዘሩ መላጣ ካለ ጸጉሩ መርገፍ እንደሚጀምር አሳየ። ሆርሞኑ የጸጉሩን ሥር ቀስ በቀስ ያቀጭጨዋል። የእኛ ቅቤና ሬት ላይ ላዩን ያወዛል እንጂ ይህን አያስቆምም።

ሚኖክሲዲልም ቢሆን በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ለደም ግፊት ሲሰጥ በታማሚዎች ሰውነት ላይ ጸጉር ሲያበቅል ታየና፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ለመላጣ ፈቀደችው። አንዳንዱን ይረዳል፤ ሲተዉት ግን የበቀለውም ይረግፋል።

ዛሬም ወጣቶች «ተፈጥሯዊ ነው» የተባለ ቅባት ሁሉ ሲገዙ አያለሁ። ወገኖቼ፣ የአዞ ስብም እኮ ተፈጥሯዊ ነበር! ጸጉሩ በድንገት ወይም ክብ ክብ እየሆነ የሚረግፍበት ሰው ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ይሂድ። የቀረነው ግን ገንዘባችንንም ክብራችንንም ለጠርሙስ ባንገብር ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መላጣነት ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። ከዋነኞቹ ዘረመሎች አንዱ ግን ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። የእናቴ ወንድሞች አንድ ሳይቀሩ ራሰ በራ ነበሩ። እሷ ግን እስክታርፍ ድረስ ጥፋቱ የአባቴ ወገን እንደሆነ ታምን ነበር፤ አባቴ ሙሉ ጸጉሩን ይዞ ነው የሞተው። እኔም አንድ ቀን አላረምኳትም።