መጽሐፍን ስለ መገልበጥና ስለ ማረም

መጽሐፍ የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በእሳት፥ በብልና በዘራፊ እጅ መጥፋቱ ሲሆን፥ ሁለተኛው ስሙ ሳይጠፋ ቃሉ ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ መሄዱ ነው። የፊተኛው ጥፋት ለሁሉ ይታያልና ሰው ያዝንበታል፤ የኋለኛው ግን ስለማይታይ የሚያዝንበት የለም። በዛሬው ዘመን የቀደሙት የአማርኛ ልብ ወለድ መጻሕፍት በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ እየተገለበጡ በየሰዉ እጅ ሲገቡ የሚያሰጋን ይህ ሁለተኛው ጥፋት ነው።

የወገዳ ሊቃውንት ይህን ሥጋት ከጥንት ዠምረው ያውቁታል። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት፥ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ናቸው። በሌላ ደብር ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ የያዘውን ከቤቱ ቃልና ዜማ ጋራ ሳያስተካክል፥ መምህሩም ሳይመሰክርለት፥ የድጓ መምህር ነኝ ለማለት አይደፍርም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ያ ምልክት ከቃሉ ራስ ላይ የሚቀመጥ ጥቂት ጭረት ነው፤ ዳሩ ግን እርሱ ከቀረ ቃሉ ሙሉ ሁኖ ሳለ ዜማው ይጠፋል። ስለዚህ ገልባጭ ብቻውን አይታመንም፤ ከገልባጩ በኋላ አራሚ፥ ከአራሚውም በኋላ መስካሪ ያስፈልጋል።

በአማርኛ የልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ የታወቀው ግን በብራና ሳይሆን በማተሚያ መኪና ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን የመዠመሪያውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አሳተሙ። ከዚህ በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915፥ «ሐዲስ ዓለም»ን በ1925 ዓ.ም. አወጡ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ አበረከቱ። የማተሚያ ፊደል አንድ ጊዜ ከተለቀመ በኋላ አንዱ ቅጂ እንደ ሌላው ይሆናልና፥ በአንድ ኅትመት ውስጥ ስሕተት እንኳ ቢኖር በሁሉ ዘንድ አንድ ነው።

ኮምፒዩተር ግን ነገሩን ወደ ብራናው ዘመን መለሰው። የግእዝ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ ለዓለም ሁሉ የሚነበብ መጽሐፍ ለመገልበጥ ቀለለው። ቅጂውም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የገጹ ፎቶግራፍ ነው፤ ይህ ጠርዙ ካልተቈረጠና ካልጠቈረ የታተመውን እንዳለ ያሳያል፥ ነገር ግን ቃል ለመፈለግ አይመችም። ሁለተኛው በሰው እጅ የተለቀመ ወይም መኪናው ከፎቶግራፉ አንብቦ ያወጣው ጽሕፈት ነው፤ ይህ ለመፈለግም ለመያዝም ይቀላል፥ ዳሩ ግን የሚታመነው ያረመው ሰው ሲኖር ነው።

የፊደላችን ጠባይ ለስሕተት የተጋለጠ ነውና። «ሰ» ከራስዋ ላይ አንዲት ጭረት ብትጨመርባት «ሸ» ትሆናለች፤ እንዲህ ሲሆን «ሰጠ» የነበረው «ሸጠ» ይባላል፥ መጽዋቹም ነጋዴ ሁኖ ያርፋል። «ጠ»ና «ጨ» ሲቀላቀሉም «ጠለፈ» «ጨለፈ» ይሆናል፤ ልጃገረድ የጠለፈው ጐልማሳ ወጥ ጨላፊ ሁኖ ይገኛል። በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት የሚያቀላቅል ገልባጭ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፥ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ፥ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው። ባለታሪኩ በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ በሆነበት እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ባለ መጽሐፍ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም። የደራሲው ስም ራሱ በአንዱ ዘንድ «ሐዲስ ዓለማየሁ»፥ በሌላው ዘንድ «ሀዲስ አለማየሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፥ ኮምፒዩተር ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል፤ በአንዱ የፈለገም ሌላውን አያገኝም።

ከቸልተኛ ገልባጭ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ዐዋቂ ነኝ የሚለው ነው። በአፈወርቅ መጽሐፍ ጦቢያ ወንድ መስላ ትሄዳለች። የማያውቃት ሰው በወንድ አንቀጽ ሲጠራት ያየ ቸኳይ ገልባጭ «ስሕተት ነው» ብሎ «ና» የሚለውን «ነይ» ቢያደርገው፥ ደራሲው የሸሸጉትን ምሥጢር ገልባጩ ገለጠው ማለት ነው። መጽሐፉም ደራሲው «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያወጡት ሲሆን በኋላ ዘመን «ጦቢያ» እየተባለ ታውቆአል። አዲሱ ስም መጠሪያ መሆኑ አይከፋም፤ የፊተኛው ስም በቅጂው ራስጌ ካልተመለከተ ግን ለዛሬ ልጅ ሁለት መጻሕፍት ይመስሉታል።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል። በአሜሪካ ማይክል ሃርት የተባለ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውን የመጻሕፍት ግልበጣ ዠመረ። በ2000 የተነሣው ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ የተባለ የአራሚዎች ማኅበር ደግሞ የገጹን ፎቶግራፍና ጽሕፈቱን ጎን ለጎን አቁሞ፥ አንዱ ያረመውን ሌላው እንደ ገና እንዲያየው አደረገ። ይህ የምስክር ቤት ሥርዓት በሌላ ልብስ መምጣቱ አይደለምን?

ምናልባት «ታሪኩ ከገባን የአንድ ፊደል መለዋወጥ ምን ይጎዳል? መጽሐፍ ለመግዛት ያልቻለ ሰውና በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ማንበባቸው አይበልጥምን?» የሚል ይኖራል። ማንበባቸውስ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ያ ልጅ የሚያመሳክርበት ሌላ መጽሐፍ በእጁ የለምና፥ ለእርሱ የተበላሸው ቅጂ መጽሐፉ ራሱ ነው። ባለጠጋ የነቀዘ እህል ቢሰጡት ይጥለዋል፤ ድኻ ግን ይበላዋል።

የመብትም ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉትን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ገልብጦ ማሠራጨት አይገባም። የአፈወርቅና የኅሩይ መጻሕፍት ግን ጊዜው አልፎባቸዋል፤ ከልካይ የሌለው መጽሐፍ አራሚ አብዝቶ ያሻዋል።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሁሉ በቅጂው ራስጌ አራት ነገር ይጻፉ እንላለን፤ ከየትኛው ኅትመት እንደ ተገለበጠ፥ ማን እንደ ገለበጠው፥ ማን እንዳረመው፥ ምን እንደ ተለወጠበት። የፊተኛው ኅትመት ራሱ የተሳሳተ ቢመስል እንኳ ቃሉን እንዳለ ትቶ እርማቱን በግርጌ ማመልከት ነው እንጂ በስውር ማቅናት አይገባም። የገጹም ፎቶግራፍ ከጽሕፈቱ ጋራ ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ ሰው ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ቃልን ከቃል ማመሳከር የለመዱ ሊቃውንትና ደቀ መዛሙርት አሉ፤ መኪናውን የሚያውቁ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ቢቀመጡ የአንዱ ዕውቀት ለሌላው ይተርፋል። ድጓን ያለ ምስክር የማይቀበል አገር የደራሲዎቹን ቃል ያለ ምስክር ሊቀበል አይገባውም።