የኰርቻ ሠሪው ልጅ

አካሉ የጐደለ ልጅ ያላቸውን ወላጆች ሁለት ፈተና ያገኛቸዋል። አንደኛው ኀዘን ነው፤ ይህም ከሰው ባሕርይ የማይለይ ስለ ሆነ አያስነቅፍም። ሁለተኛው ግን ልጁን እንደማያገለግል ዕቃ ከቤት ጥግ አስቀምጦ፥ አብልቶና አልብሶ ብቻ ዕድሜውን እንዲጨርስ መተው ነው። በዚህ በሁለተኛው ፈተና ያልወደቀ አንድ ባለ እጅ በፈረንሳይ አገር ነበረ፤ የጽናቱም ፍሬ ለዓለም ሁሉ ተረፈ።

ልጁ ሉዊ ብሬል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሲሞን ረኔ ኰርቻና ልጓም ሠሪ ነበረ። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ከአባቱ መሥሪያ ቤት ገብቶ፥ አባቱ ሲሠራ እንዳየው ቆዳ ሊበሳ ሲሞክር ወስፌው አዳልጦ አንድ ዐይኑን ወጋው። ቍስሉም አመርቅዞ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዐይን ተላለፈ፤ በአምስት ዓመቱም ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ።

አባት እንጀራውን በሚያገኝበት መሣሪያ የልጁ ዐይን ሲጠፋ ኀዘኑ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። ሲሞን ረኔ ግን ልጁን በኀዘኑ አላሰረውም። በትር ቈርጦ ሰጠውና ልጁ በእርሱ እየዳሰሰ በመንደሩ መንገድ ብቻውን መሄድን ተማረ። በእንጨትም ላይ ምስማር እየመታ የፊደልን ቅርጽ አበጀለት፤ ልጁም በጣቱ ፊደል ቈጠረ ይባላል። የመንደሩ ቄስ አባ ፓሊዊ ደግሞ ራሳቸው አስተማሩት፤ ቀጥሎም ከሚያዩት ልጆች ጋራ በመንደሩ ትምህርት ቤት ተቀመጠ። መጽሐፍ ማየት ባይችልም የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ከጓደኞቹ አላነሰም።

ይህ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ትምህርቱ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ዐይናቸው የማያይ ደቀ መዛሙርት በቃል አጥንተው ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። ነገር ግን በቃል ብቻ የተማረ ሰው መጽሐፍ ለማንበብና ያሰበውን ለመጻፍ የሌላ ሰው ዐይን ያስፈልገዋል። ብሬል ሊሞላው የተነሣው ይህን ጉድለት ነው።

በ1819 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት ሲሆነው፥ ቫላንታን አዊ በ1785 ዓ.ም. ለዐይነ ስውራን ባቋቋመው በፓሪሱ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም የላቲንን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ አጕልተው አትመው በጣት ያስነብቡ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ፊደሉ ግን ለዐይን የተቀረጸ እንጂ ለጣት የተቀረጸ አልነበረም። ስለዚህ ንባቡ ይዘገያል፥ መጻሕፍቱ ይከብዳሉ፥ ተማሪውም በዚያ ፊደል የራሱን ሐሳብ መጻፍ አይችልም።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የጦር መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ስልት ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣ። ነገር ግን አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚደርስ ከጣት ጫፍ ያልፋል፤ ድምፅን ብቻ ስለሚከተልም የቃልን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም። ብሬል በ1824 ዓ.ም. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። ከስድስቱም 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይወጣል፤ እያንዳንዱም ከአንድ ጣት ጫፍ በታች ይውላል። በ1829 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ስልት ንግግር ብቻ ሳይሆን ሙዚቃና የቤተ ክርስቲያን ዜማም እንደሚጻፍ አስረዳ። ወረቀቱ የሚበሳበትም መሣሪያ ዐይኑን ላጠፋው ወስፌ የቅርብ ዘመድ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ብሬል በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ስልቱ ግን በቶሎ አልተቀበሉትም። በ1840 ዓ.ም. አዲስ የተሾመው አለቃ ዱፎ በነጥብ መጻፍን ከለከለ። ዐይነ ስውራን ከሚያዩት ሰዎች የተለየ ፊደል ቢይዙ ከኅብረተሰቡ ይለያሉ የሚል ሐሳብ ነበረ። ተማሪዎቹ ግን የሚጠቅማቸውን ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበርና በስውር ይጻጻፉ ነበር። በኋላ የትምህርት ቤቱ ሹም ጓዴ ስለ ነጥቡ ተከራከረ፤ በ1844 ዓ.ም. አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅም ጥቅሙ በሕዝብ ፊት ተገለጠ። ብሬል በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ በ1852 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ዐረፈ፤ ስልቱ በትምህርት ቤቱ በሕግ የጸናው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ዐፅሙ በፓሪስ ወደሚገኘው የታላላቅ ሰዎች መቃብር ወደ ፓንቴዮን ሲፈልስ እጆቹ በተወለደባት መንደር ቀሩ።

ዛሬ አማርኛም በእነዚያው ስድስት ነጥቦች ይጻፋል። የዱፎ ስሕተት ልጁ በሌለው አካል እንዲማር መፈለግ ነበረ፤ የኰርቻ ሠሪው ጥበብ ግን ልጁ ባለው አካል እንዲማር ማድረግ ነው። አንድ አባት ምስማርና እንጨት ይዞ የጀመረውን ሥራ ልጁ ፈጸመው። ልጁን ከቤት ጥግ ያስቀመጠ ወላጅም በጥጉ ውስጥ ምን እንደ ቀበረ አያውቅም።