ከአዋሽ እስከ አፍደም፦ ባቡር የቀረባቸው ጣቢያዎች

ጎጃም ሐዲድ የለውም። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር አለማያ ኮሌጅ የደረሰን ሰዎች ከባቡር ጋር የተዋወቅነው በትምህርት ሰበብ ነው። አውቶቡስ አዲስ አበባ ያደርሰናል፤ ከዚያ ከለገሃር ተሳፍረን ወደ ድሬዳዋ እንወርዳለን። ስንገናኝ ስለ ኮሌጁ ብዙ እናወራለን። እስቲ ደግሞ በመንገዱ ላይ ስለነበሩት ጣቢያዎች ጥቂት እንበል።

አፄ ምኒልክ ለመስመሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ገንዘብ አጠረና ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎም በጣቢያው፣ በድልድዩና በቡፌው ዙሪያ ከተማ ሆነች።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ለስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው፤ በ1933 ዓ.ም የተመለሱት ግን በእኛ አገር፣ በቡሬ በኩል ነው። መስመሩ ሐዘንም አይቷል፤ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል።

በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሲቆም ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። አዋሽ የጅቡቲ አስፋልት ስለሚያልፍባት በከባድ መኪና ገበያ ኖረች። አፍደም፣ ኤረርና ሁርሶ ግን ዕድላቸው ሌላ ነው። ዋናው አስፋልት ከሚኤሶ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲወጣ ሐዲዱ ቆላ ቆላውን ይሄዳል። ለእነዚህ መንደሮች ባቡሩ መጓጓዣ ብቻ አልነበረም፤ ገበያውም፣ ወሬውም፣ ዘመድ የሚጠየቀውም በእሱ ነበር። ቡሬ ላይ አንድ አውቶቡስ ቢቀር ሌላ ይመጣል። አፍደም ላይ ባቡሩ ሲቀር የሚተካው አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ አዲስ ሐዲድ ይሄዳል፤ የድሮዎቹ ጣቢያዎች ለእሱ አያስፈልጉም። አንድ ጣቢያ እንዲህ ሲቀር መጀመሪያ የሚጠፋው ግንቡ አይደለም፤ እዚያ ምን ይሸጥ እንደነበር፣ ማን ማንን ይጠብቅ እንደነበር የሚያስታውሰው ሰው ነው። እኛ ከሚያስታውሱት መካከል ነን። በየቤታችሁ የቀረ ትኬት፣ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ካለ አትጣሉት። ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።