ከመፋቂያ እስከ ሕክምና ወንበር፦ የአፍ ንጽሕና ሥልጠና ታሪክ ከሐረር ሲታይ



ዛሬ ታሪክን ለጌጥ አላነሣም። ወደ ኋላ የምመለሰው አንድ የሚያከራክረን ጉዳይ ስላለ ነው። በአፍ ንጽሕና የሚሠለጥን ተማሪ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው የመሣሪያ አያያዝን ነው ወይስ የሰው አያያዝን? ሁላችንም «ሁለቱንም» ብለን እንመልሳለን፤ የትምህርት ሰዓት ሲደለደል ግን ለሁለተኛው የሚደርሰው ትራፊው ነው። የሙያው ታሪክ ይህን አደላደል ይደግፈው እንደ ሆነ እንመርምር።

በሐረር የጥርስ ንጽሕና ከሐኪም ቤት ይቀድማል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስገነቡት የጁገል ግንብ ውስጥ ሲኖር የቆየው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በእስልምና ሥርዓትም ጥርስን በሲዋክ ማጽዳት ከጸሎት ጋር የተያያዘ የተወደደ ልማድ ነው። በምሥራቁ ቆላ የሚበቅለው፣ ሶማሌዎች ዐዳይ የሚሉት ዛፍ ለዚሁ ይውላል። በደጋው አገር ደግሞ ወይራና ልምጭ ለመፋቂያነት ይመረጣሉ። ጥርስ ሲታመም ወደ ወጌሻ መሄድ የተለመደ ነበር። እንግዲህ ንጽሕናው የእያንዳንዱ ሰው የዕለት ሥራ፣ መንቀሉ ደግሞ የባለ እጅ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ከተማዋ የገባው በጦርነትና በዲፕሎማሲ መንገድ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 እ.ኤ.አ. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በሐረር በኩል ነበር ያለፈው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ የራስ መኰንን ሐኪም የነበሩት የጓዴሎፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታልየን በከተማዋ ሆስፒታል አቋቋሙ። የካፑቺን ሚሲዮናውያንም የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚረዱበትን መጠለያ ከፈቱ። የእነዚህ ተቋማት ቀዳሚ ተግባር ቁስልንና ተላላፊ በሽታን ማከም ነበር። አፍን አስቀድሞ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሊሆን እንደሚችል በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ቢሆን ገና በቅጡ አልታሰበም።

ሐሳቡ መልክ የያዘው በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት በምትገኘው ብሪጅፖርት ከተማ ነው። አልፍሬድ ፎንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን የታካሚዎችን ጥርስ እንድታጸዳ አሠለጠናት። በ1913 በራሱ ጋራዥ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት 27 ሴቶች ተመረቁ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ብዙዎቹ ተመራቂዎች የተሰማሩት በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ነበር። ጥርስ ያጸዱ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹን ማስተማርም የዚያኑ ያህል ሥራቸው ነበር። ኒው ዚላንድም በ1921 የትምህርት ቤት የጥርስ ነርሶችን ማሠልጠን ስትጀምር ዐይኗን የጣለችው በልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ሙያው ገና ሲወለድ ፊቱ ከሕክምና ክፍሉ ውጭ ወዳለው ሰው የዞረ ነበር።

ኢትዮጵያም የዚህ ወንድም የሆነ ታሪክ አላት። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድነት ገጠር ወርደው እየሠሩ ይማሩ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ የጤና ሳይንስ ትምህርቱን በሐረር ሲከፍት የወረሰው ይህንኑ በቡድን ወደ ሕዝብ የመውረድ ልማድ ነው። ለአፍ ጤና ትምህርት የሚሆን የውጭ አርኣያ ፍለጋ ብዙ መድከም አያሻንም፤ መሠረቱ በቤታችን አለ።

አሁን ወደ ማስረጃው ልለፍ። በ1965 የዴንማርክ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ቁጣው በረደ። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ የባክቴሪያ ንብርብር የድድ በሽታ መንሥኤ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ትርጉሙን ልብ በሉ፤ ባለሙያው ዛሬ አጽድቶ የሰደደው አፍ፣ ባለቤቱ ካልጠበቀው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይታመማል። ወንበሩ ላይ የምናጠፋው አንድ ሰዓት ዋጋ የሚኖረው በቤት ውስጥ ባሉት ደቂቃዎች ነው።

በ1978 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእኛው አገር ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። መፋቂያ፣ ተገቢው መመሪያ ከተሰጠ፣ ከጥርስ ቡሩሽ ባላነሰ ሁኔታ ጥርስን እንደሚያጸዳ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያ እንዲበረታታ መከረ። ሆኖም «መፋቂያውን ጥለህ ቡሩሽ ግዛ» የሚል ምክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ይህ ምክር ሁለት ጉዳት አለው። ቡሩሽ የመግዛት አቅም የሌለውን ሰው ባዶ እጁን ይሰደዋል፤ ሃይማኖታዊ ልማዱን የሚያከብረውን ሽማግሌ ደግሞ ያስቀይማል። ትክክለኛው ትምህርት ጫፉን አኝኮ ማለስለስን፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ መፋቅን፣ የውስጥና የኋላ ጥርሶችን አለመዘንጋትን፣ ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ መጣልን ማሳየት ነው።

ልማድን ማክበር ግን ልማድን ሁሉ መቀበል አይደለም። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው በድዱ ላይ የሚታየው እብጠት «ግግ» ይባልና በስለት ይወጣል። የሚወጣው ግን በሽታ ሳይሆን ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ሊከተሉ ይችላሉ፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። የጉዳቱ አሻራ ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች አፍ ውስጥ ሳይቀር በሐኪሞች ተመዝግቧል። በ1987 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ኮሚቴ ይህን ከሚታገላቸው ድርጊቶች አንዱ አድርጎታል። ልማዱ ለምን ጸና? ተቅማጡ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚቆም፣ ምስጋናውን ስለቱ ይወስዳል። እናቲቱን የሚገሥጽ ተማሪ ዳግመኛ አያያትም። «እማማ፣ ልጁ ስንት ቀን ተቀመጠ? ውኃ ይጠጣል?» ብሎ የሚጀምር፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አበጣጠሱን የሚያሳይና ምክንያቱን የሚያስረዳ ተማሪ ግን የሚቀጥለውን ሕፃን ያድናል። እዚህ ላይ ንግግር ራሱ ሕክምና ነው።

ይህን ስል የእጅ ጥበብን ማቃለሌ አይደለም። ታርታር በምክር አይነሣም። ተማሪው መሣሪያውን እንደ ብዕር መያዝን፣ እጁ እንዳይንሸራተት ጣቱን በአጠገቡ ባለ ጥርስ ላይ ማሳረፍን፣ ስለቱን ከጥርሱ ገጽ ጋር ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ማስጠጋትን በአምሳያ ላይ ደጋግሞ ሳይለማመድ ሰው ሊነካ አይገባም። መሣሪያም በ121 ዲግሪ የእንፋሎት ሙቀት ሳይመክን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሊሻገር አይችልም። ሐረር ውኃ ታገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሲደርቅ ከተማዋ ያየችውን ችግር የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዋዛ የሚታለፈው «እጅን መታጠብ» በእኛ ዘንድ አስቀድሞ የሚታቀድ ሥራ ነው። ውኃ በጠፋበት ቀን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መወሰን የክሊኒክ ትምህርት አካል መሆን አለበት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ ታሪኩ የሚነግረን እጅና አንደበት ሁለት ትምህርቶች አለመሆናቸውን ነው። ጥርስ እያጸዳ የማያስተምር ባለሙያ ለሦስት ሳምንት ይሠራል፤ እያስተማረ የማያጸዳም ለታመመው ሰው አይደርስለትም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው የእጅ ሥራውን በሚፈተንበት ሰዓት ለታካሚው የሰጠው ማብራሪያም በእኩል ነጥብ ይመዘን። ሁለተኛ፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በሚነገርባት ከተማ ተማሪው ቢያንስ ሰላምታውን፣ ሕመም መጠየቂያውንና የአፍ እንክብካቤ ምክሩን ታካሚው በሚያውቀው ቋንቋ ማቅረብ ይልመድ። ሦስተኛ፣ የተግባር ልምምዱ በወንበሩ ሳይወሰን ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ አፎቻ ማኅበራት ይውጣ፤ የሐረር ሰው ኀዘኑንም ደስታውንም የሚካፈለው በአፎቻው ነውና፣ ምክርም በዚያ በኩል ሲመጣ ይሰማል።

ዛሬ ማለዳ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ መፋቂያ በአፉ የያዘ ሰው ሳታዩ አልቀራችሁም። ያ ሰው ከእኛ ትምህርት ውጭ ያለ አይደለም፤ ግማሹን ትምህርት አስቀድሞ ያወቀ ነው። የቀረውን ግማሽ ሳናሳፍረው ማድረስ የእኛ ፋንታ ነው።